ጃኩራን ሳያዩት መቁጠር፦ የበረሃ እንሽላሊትን ከማኅበረሰቡ ጋር የመከታተያ መመሪያ

ለዚህ ሥራ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «እንሽላሊቱን መቼ ነው የምናየው?» መልሱ ትንሽ ያስከፋል። ምናልባት አታዩትም። ሦስት ቀን ሙሉ አሸዋ ላይ ስትንከራተቱ ከርማችሁ ጭራውን እንኳ ሳታዩ ልትመለሱ ትችላላችሁ፤ ሥራው ግን በደንብ ተሠርቷል። የምንቆጥረው እንሽላሊቱን አይደለማ። ጉድጓዱን፣ ኩሱንና ዱካውን ነው።

የማወራው ስለ ጃኩራ ነው። በማዕከላዊና በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃዎች ብቻ የሚገኝ፣ ሳይንቲስቶች ሊዮፎሊስ ኪንቶሬይ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ደግሞ ግሬት ዴዘርት ስኪንክ የሚሉት ነው። ጃኩራ የሚለው ስም ከበረሃው ነባር ሕዝቦች የአንዱ፣ የፒጃንጃጃራ ቋንቋ ነው። ፒንቱፒዎች ጃላፓ፣ ዋልፒሪዎች ዋራርና፣ ማርቱዎች ሙልያሚጂ ይሉታል። ጭራውን ጨምሮ እስከ 44 ሳንቲሜትር ይረዝማል። ጀርባው እንደሚኖርበት አሸዋ ቀላ ያለ ብርቱካናማ፣ ሆዱ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። ምስጥ ነፍሱ ነው። በአውስትራሊያ ሕግ «ለመጥፋት ተጋላጭ» ተብሎ ተመዝግቧል። የሚያሳድዱት ከአውሮፓውያን ጋር የመጡት ድመትና ቀበሮ ናቸው፤ ሰደድ እሳት ሲጨመርበት ደግሞ መጠለያውንም ያጣል።

በረሃው ማለቂያ የለውም። ጥቂት ተመራማሪዎች በዓመት አንዴ መጥተው የሚጨርሱት ሥራ አይደለም። አሸዋ ማንበብ የሚችሉት ደግሞ እዚያው ያደጉት ሰዎች ናቸው። ክትትሉ በማኅበረሰብ የሚሠራው ለወጉ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው።

መጀመሪያ ፈቃድ

ጃኩራ የሚኖርበት አገር አብዛኛው የነባር ሕዝቦች ርስት ነው። የታወቀው የኡሉሩ ካታ ጁታ ብሔራዊ ፓርክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1985 ለአካባቢው ነባር ሕዝብ ለአናንጉዎች ተመልሶ ከመንግሥት ጋር በጋራ የሚያስተዳድሩት ነው። ስለዚህ መኪና አስነስቶ መግባት የለም። የአካባቢውን የሬንጀር (የተፈጥሮ ጥበቃ ሠራተኞች) ቡድን አግኙ። የመግቢያ ፈቃድ አውጡ። ከማን ጋር እንደምትሄዱ፣ የት እንደምትደርሱ፣ ማን እንደሚመራ ቀድሞ ይወሰን።

እንግዳ የማይረግጣቸው ቦታዎች አሉ። ወንድ ብቻ ወይም ሴት ብቻ የምትሄድባቸውም አሉ። ምክንያቱ ካልተነገራችሁ አትጠይቁ። «እዚያ አንሄድም» ከተባለ አይኬድም፣ በቃ። ካርታችሁ ላይ ያንን ቦታ ባዶ ተዉት።

እዚሁ ላይ ስለ መረጃው ተነጋገሩ። ፎቶው፣ የጉድጓዱ መገኛ፣ የሞላችሁት ቅጽ የማን ነው? ማን ያስቀምጠዋል? ማን ያየዋል? ይህን ሥራው ካለቀ በኋላ መነጋገር ጠብ ያመጣል። ቀድሞ ሲሆን ግን ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

መቼ ይወጣል

ጃኩራ በቀዝቃዛዎቹ ወራት መሬት ውስጥ ይተኛል። በሐምሌ ሄዳችሁ «ጠፍቷል» ብትሉ የተኛ ሰው ቤት አንኳኩቶ ሰው የለም እንደማለት ነው። የአውስትራሊያ ክረምትና በጋ ከኛ ጋር እንደማይገጥም አትርሱ።

ጥሩው ጊዜ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ያለው ነው። ጃኩራ እንቁላል አይጥልም፣ ነፍስ ያለው ግልገል ይወልዳል፤ የሚወልደውም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ የትልቁም የትንሹም ኩስ ይገኛል፤ ትንሹ ኩስ ደግሞ የዘንድሮ ልጅ መኖሩን ይነግራችኋል። የሬንጀር ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ2022 በየበረሃው ባንድ ወቅት ወጥተው የቆጠሩበት ዘመቻ ሙልያሚጂ ማርች የተባለውም በከንቱ አይደለም። ወሩ ማርች ነበር።

ከቀኑ ውስጥ ደግሞ ማለዳ። ፀሐይ ዝቅ ስትል ትንሿ ጭረት እንኳ ጥላ ታወጣለች። ዱካው በእናንተና በፀሐይዋ መካከል እንዲሆን ቁሙ፤ ፊታችሁን ወደ ብርሃኑ አዙሩ። እኩለ ቀን ላይ ያው አሸዋ እንደ ነጭ ወረቀት ይሆንባችኋል። ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሰው ይጥላል። ከዝናብ ወይም ከከባድ ነፋስ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ታገሡ። አሸዋው ተጠርጓል፣ እንስሳቱ እንደገና እስኪጽፉበት ጠብቁ።

ምን ይያዛል

ውሃ፣ ከምታስቡት በላይ። ሰፊ ባርኔጣ። ድፍን ጫማ፣ ከጉልበት በታች የሚታሰር መሸፈኛ። ስፒኒፌክስ የሚባለው ሣር ከሩቅ ለስላሳ ትራስ ይመስላል፤ ሲጠጉት መርፌ ነው። እርሳስ ያዙ፣ እስክሪብቶ በሙቀት ይዝረከረካል። ማስመሪያ፣ ጂፒኤስ፣ ባለቀለም ሪባን፣ የታተመ ቅጽ። የሳተላይት ስልክ፣ ለእባብ ንድፊያ የሚሆን ሰፊ መጠቅለያ ያለው የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን። ቢቻል ሁለት መኪና።

ስለ መኪናው አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። የስፒኒፌክስ ፍሬና ገለባ ከመኪናው ሆድ ሥር፣ ጭስ ማውጫው አካባቢ ይጠቀጠቃል። ሣሩ ሙጫ አለው። ሲግል ይነዳል። መኪናው የተቃጠለበት ሰው ብርቅ አይደለም። በየተወሰነ ርቀት ቁሙና ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ በብረት ጫፍ እየቆፈራችሁ አውጡት።

ቦታውን መክፈል

ብዙዎች የሚጠቀሙበት ልክ 2 ሄክታር ነው፤ 100 ሜትር በ200 ሜትር። ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ ገደማ ማለት ነው። አራቱን ማዕዘን በጂፒኤስ መዝግቡ፣ በሪባን ምልክት አድርጉ።

አምስት ሰው ካላችሁ እንዲህ አድርጉ። በመካከላችሁ 10 ሜትር ትታችሁ ጎን ለጎን ተሰለፉ። 200 ሜትሩን ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ጫፍ ስትደርሱ ሰልፉን ወደ ጎን አዛውሩና በቀረው ግማሽ ተመለሱ። ወሬው ለሻይ ሰዓት ይቆይ። አንድ ሰው የሆነ ነገር ሲያገኝ ሰልፉ በሙሉ ይቆማል። ካልቆመ መስመሩ ይበተንና የታየና ያልታየ ቦታ ይደባለቃል። የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ሰዓት፣ የሰውንም ብዛት ጻፉ። ይህ በሚቀጥለው ዓመት ወርቅ ይሆናል።

ጃኩራ አለ ተብሎ የሚታወቅበትን ቦታ ብቻ አትምረጡ። በቅርቡ የተቃጠለውንም፣ ሣሩ ያገገመውንም፣ ለረጅም ዘመን እሳት ያልነካውንም ጨምሩ። ጥሩ ጥሩውን ብቻ የሚያይ ሰው ሁልጊዜ ጥሩ ዜና ይዞ ይመለሳል።

ጉድጓዱን ማንበብ

ዋናው እዚህ ነው፣ አትቸኩሉ።

የጃኩራ ጉድጓድ የአንድ እንሽላሊት ጉድጓድ አይደለም፤ የቤተሰብ ግቢ ነው ቢባል ይቀላል። አባት፣ እናት፣ የዘንድሮ ልጅ፣ የአምና ልጅ አብረው ይኖሩበታል፣ አብረውም ይቆፍሩታል፣ ያድሱታል። እስከ 20 የሚደርሱ በሮች ሊኖሩት ይችላሉ። የመሬት ውስጥ መተላለፊያው ከዳር እስከ ዳር 13 ሜትር፣ ወደ ታች ደግሞ አንድ ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። አንድ ግቢ እስከ 7 ዓመት ሳይለቀቅ እንደሚቆይ ታይቷል። እንሽላሊት እንዲህ ሲያደርግ ብዙም አይታወቅም። (በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው ሴቶቹ ለአንድ ባል ታማኝ ናቸው። ከወንዶቹ 40 በመቶው ግን ሌላ ቤት ልጅ አላቸው። አስተያየት አልሰጥም።)

በሩ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጎበጥ ያለ ነው፤ በወገቡ የተቆረጠ ክብ አስቡ። ዋናው በር ፊት የተቆፈረ አሸዋ ተከምሮ ይታያል። አንዱን በር ስታገኙ ቁሙና ዙሪያውን እዩ፣ ሌሎቹ በሮች ብዙም አይርቁም። ሁሉንም በአንድ ቁጥር መዝግቡ። ስምንት በር አገኘን ብላችሁ ስምንት ጉድጓድ ብትጽፉ አንዱን ቤተሰብ ስምንት አደረጋችሁት።

ቀጥሎ መጸዳጃውን ፈልጉ። የጃኩራ መታወቂያ ካርድ ይህ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ከበሩ ወጣ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚጸዳዳው፣ ክምሩም እስከ ሁለት ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ኩሱ ጥቁር፣ ሞላላ ነው፤ ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ ነጭ ነገር አለበት፣ እንደ ወፍ ኩስ። በእንጨት ሰንጠቅ አድርጉትና ተመልከቱ። የምስጥና የሌላ ነፍሳት ስብርባሪ ፀሐይ ላይ ብልጭ ይላል። ጥንቸልም አንድ ቦታ ላይ ትከምራለች፣ የሷ ግን ድቡልቡል የሣር ፍሬ ነው። ሁለቱን አንዴ ጎን ለጎን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ አይሳሳትም።

ሌላው የሚያሳስተው አርጃኖ ነው። እኔም እዚሁ ላይ ነው የተዋረድኩት። አንድ ማለዳ ሰፊ፣ ያማረ ጉድጓድ አገኘሁ። አሸዋው ትኩስ ነው። ቅጹን አውጥቼ «ጃኩራ፣ አለ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፎቶም አነሳሁ። ከኛ ጋር የነበሩ አንዲት አዛውንት ቀስ ብለው መጡ። ምንም አላሉኝም። በያዙት በትር ጫፍ ከበሩ እስከ ቁጥቋጦው ድረስ እንደ ገመድ የተጥመዘመዘ የጭራ መስመር አሳዩኝ፣ ከዚያ ከመስመሩ ግራና ቀኝ በጥልቀት የተተከለውን ጥፍር፣ ከዚያ ደግሞ መጸዳጃ ሊኖር ይገባው የነበረውን ባዶ አሸዋ። ላጲሴን አወጣሁ። አርጃኖ ትልቅ ነው፣ እርምጃው ይረዝማል፣ ብቻውን ይኖራል፣ ግቢ የለውም። የጃኩራ እግር አጭር ነው፤ ዱካውም ጠበብ ብሎ ይቀራረባል።

ቢልቢ የሚባለው ባለረጅም ጆሮ እንስሳም ይቆፍራል፤ የሱ ጉድጓድ ግን ጥልቅና ቁልቁል የሚወርድ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ አዛውንቶቹን ጥሩ። አሁንም ካልተወሰነ «አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉ። ቅጹ ላይ ያ ሣጥን የተቀመጠው ለዚህ ነው።

የማይደረጉ

እጃችሁን ጉድጓድ ውስጥ አታስገቡ። እባብም እዚያ ጥላ ይፈልጋል። በሮቹ መካከል አትርገጡ፣ ከሥር ባዶ ነው፣ ይደረመሳል። አትቆፍሩ። ውሃ አታፍስሱ። በጭስ አታውጡ። ለፎቶ ብላችሁ እንሽላሊቱን ለመያዝ አትሞክሩ፤ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግም ያስጠይቃል። የመጸዳጃውን ክምር ጠርጎ ሌላ ቀን አዲሱን የመቁጠር ዘዴ አለ። ያንን ግን ቡድኑ ከወሰነ ብቻ እንጂ በራሳችሁ አታድርጉት።

ሰው አለ ወይስ ባዶ ቤት

ጉድጓዱ የጃኩራ መሆኑ ከታወቀ ቀጣዩ ጥያቄ አሁን የሚኖርበት አለ ወይ ነው። ሦስት ምርጫ ብቻ አድርጉት። «አለ»፣ «ሊኖር ይችላል»፣ «የድሮ»።

«አለ» ለማለት ትኩስ ኩስ (ጠቆር ያለና የሚያብለጨልጭ)፣ ንጹህ ዱካ ወይም ገና ያልደረቀ የተቆፈረ አሸዋ ያስፈልጋል። በሩ ላይ የሸረሪት ድር ከተዘረጋ፣ ቅጠል ከሞላው፣ ኩሱ ከነጣና ሲነካ ከተፈረፈረ «የድሮ» ነው። ግን አንድ በር ላይ ድር አይታችሁ አትፍረዱ። ቤተሰቡ ያንን በር ትቶ በሌላው እየወጣ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በሮች ዙሩ።

ከዚያ ኩሱን ለኩ። በብዛት አይደለም፣ ጥቂት ወፍራምና ጥቂት ቀጭን ምረጡና ማስመሪያውን አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። በወፍራሞቹ መካከል ቀጫጭን ካገኛችሁ ልጆች አሉ። እኔን ከምንም በላይ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። ቦታው አሁንም ልጅ እያሳደገ ነው ማለት ነው።

የድመትና የቀበሮ ዱካ

ጉድጓዱ አካባቢ የማን እግር እንዳለፈ አብራችሁ መዝግቡ። ድመት ስትሄድ ጥፍሯን ትሰበስባለች፤ ዱካዋ ክብ ነው፣ አራት ጣት፣ ጥፍር የሌለው። የቀበሮው ይረዝማል፣ ከፊት ጥፍሩ ይታያል። ዲንጎ የሚባለው የዱር ውሻ ከሁለቱም ይበልጣል።

የድመት ዱካ አይታችሁ «ድመት በልታዋለች» ብላችሁ አትጻፉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን። ያያችሁት ዱካ ነው፣ ዱካ ጻፉ። ድመቷ ከበር ወደ በር ተመላልሳ ከሆነ ያንን ጻፉ። ኩሷን ካገኛችሁ በከረጢት አድርጋችሁ ለቡድኑ ስጡ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያይ ሰው ይኖራል። በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ ባለችው የኪዊርኩራ መንደር አካባቢ የድመት ዱካ ተከትለው የሚያድኑ ጎበዝ አዳኞች አሉ፤ መረጃው ለነሱም ይጠቅማል።

የእሳቱንም ነገር አትርሱ። ሣሩ ምን ያህል አድጓል? አመድ አለ? ትልቅ ቃጠሎ ሲያልፍ ጃኩራ ጉድጓዱ ውስጥ ሊተርፍ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ሲወጣ ነው። መደበቂያ ሣር የለም፣ ድመት ደግሞ ከሩቅ ታየዋለች። ለዚህ ነው ሬንጀሮቹ በቀዝቃዛው ወቅት ትንንሽ ቦታ እየመረጡ በልክ የሚያቃጥሉት፤ ትልቁ እሳት ሲመጣ የሚበላው አጥቶ እንዲቆም።

ቅጹን መሙላት

አንድ ቦታ ስትጨርሱ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ሙሉ። ማታ ሰፈር ደርሼ እሞላዋለሁ ያለ ሰው ሦስተኛውን ጉድጓድ ከአምስተኛው ጋር ያደባልቃል። የተሞላ ቅጽ ይህን ይመስላል፦ «ቦታ 4። ከ6:40 እስከ 7:35 ጠዋት፣ 5 ሰው። ነፋስ የለም። እሳት ከነካው ቆይቷል፣ ሣሩ ትልልቅ ነው። ጉድጓድ 1፣ በር 6፣ መጸዳጃ 1፣ ኩስ ትኩስ፣ ወፍራምና ቀጭን፣ አለ። የድመት ዱካ፣ ከበር 2 አጠገብ፣ የቆየ።» ይኸው ነው። ማብራሪያም ግምትም አይጨመርበት። ሰዓቱን ደግሞ ሁላችሁም በአንድ አቆጣጠር ጻፉ፤ በሐበሻና በፈረንጅ ሰዓት የተደባለቀ ቅጽ ሰው ያሳብዳል።

ምንም ካላገኛችሁ ዜሮ ጻፉ። ባዶ አትተዉት። ባዶ ማለት «አላየንም» ይሁን «አልሄድንም» አይታወቅም። ዜሮ ግን ሄደን፣ ፈልገን፣ አጣን ማለት ነው። ሰው ዜሮ ሲጽፍ ያፍራል፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። የሚቀጥለው ዓመት ቡድን እዚያው ቦታ ላይ ትኩስ ኩስ ቢያገኝ ጃኩራ ወደዚያ እየተስፋፋ መሆኑን የምናውቀው በዚያች ዜሮ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል

የጉድጓዱን ብዛት በሆነ ቁጥር አባዝታችሁ «በዚህ አካባቢ ይህን ያህል ጃኩራ አለ» አትበሉ። አንዱ ግቢ ውስጥ ሁለት፣ ሌላው ውስጥ አሥር ሊኖሩ ይችላሉ። ማለት የምትችሉት ይህን ነው፦ ከተመለከትናቸው 20 ቦታዎች በዚህን ያህሉ ውስጥ አለ፣ አምና ግን በዚህን ያህሉ ነበር። ይህ እንዲሠራ ቦታው ያው፣ ወሩ ያው፣ የሰውና የሰዓት ብዛት ተቀራራቢ መሆን አለበት። አምና አምስት ሰው ለአንድ ሰዓት ፈልጎ ዘንድሮ ሁለት ሰው ለሃያ ደቂቃ ቢፈልግ፣ የቀነሰው ጃኩራው ሳይሆን ፈላጊው ነው።

ስትመለሱ

የጉድጓድ መገኛ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ። ፎቶው ውስጥ ስልካችሁ በራሱ የሚጽፈው መገኛ አለ፣ እሱንም አጥፉ። እንሽላሊት የሚሸጥ ሰው አለ፣ የሚገዛም አለ።

ውጤቱን ደግሞ መጀመሪያ የሚሰማው የአገሩ ሰው ይሁን። አንድ ትልቅ ካርታ፣ ጥቂት ፎቶ፣ ነጥቦቹን እዚያው በእጅ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ጽሑፍ ብዙ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ብሔራዊ የማገገሚያ ዕቅድ እንኳ በአርዕስቱ ላይ ያስቀደመው የእንሽላሊቱን የነባር ሕዝቦች ስሞች ነው። ካርታውን ስትዘረጉ አዛውንቶቹ «እዚህ ድሮ ነበር» የሚሉትን ቦታ በሌላ ቀለም መዝግቡ። የሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ቦታችሁ ያ ይሆናል።

ሪባኖቹን ሰብስባችሁ ውጡ። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ አንዴ ጎንበስ በሉና የመኪናውን ሆድ እዩት።